ነጭ ለብሰው የተመለሱት ንቦች

አዳማ፣ መስከረም 24 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለበላይነሽ፤ ጅቡቲ።

የባሕሩን ሙቀት በጥላዋ ታበርድልሽ ዘንድ እመቤታችንን እየለመንሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ አጎትሽ አብተው ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ቢሆን ስድሳ ዓመት ተሸክሞኛልና አልወቅሰውም። ክረምቱ ወጥቷል፤ ሜዳው አደይ ለብሷል፤ ባቡሩም ሲያሰኘው ይመጣል።

ማር ላኩልኝ ብለሽ ነበር። ልጄ፣ ዘንድሮ ስለ ማር አታንሺብኝ። እናትሽ ስትሞት በአንድ እጄ ዳዊት፣ በሌላው እጄ ማር ይዤ ነው ያሳደግሁሽ። ስለዚህ ለሰው የማልነግረውን ለአንቺ እነግርሻለሁ። ከመስቀል ዋዜማ ወዲህ ንቦቼ ነጭ ለብሰው ይመለሳሉ።

መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብዬ ነበር። ከአዋሽ ዳር ባሉት ግራሮች ላይ የሰቀልኋቸው ሃያ ሰባት ቀፎዎች እንዳሉኝ ታውቂያለሽ። ንቦቹ ጠዋት እንደ ወትሯቸው ሆነው ይወጣሉ። ረፋድ ላይ ለቅዳሴ እንደሚሄድ ሕዝብ ነጭ በነጭ ሆነው ይመጣሉ። ቀፎው አፍ ላይ ያሉት ጠባቂዎች ያሸቷቸውና አናስገባም ይላሉ፤ የገዛ እህታቸውን አያውቋትም። የተከለከለችውም መሬት ወርዳ ክንፏን ዘርግታ ትንቀጠቀጣለች፤ ጥቂት ትድህና ምላሷን አውጥታ ትቀራለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ድምፅ የለም። ከቀፎው ሥር የሞቱትን በመዳፌ እዝቃለሁ።

ነገሩ የማን ሥራ እንደሆነ ግን ገብቶኛል። በችግር ወር፣ አበባ ሲጠፋ፣ ለንብ በሶ እንደምንነሰንስላት ታስታውሻለሽ፤ አንቺም በትንሽ እጅሽ ትነሰንሺ ነበር። አሁን ግን መስከረም ነው። አገሩ ሁሉ አበባ ሆኖ ሳለ ለንብ በሶ የሚያቀርብ ሰው ወይ ጅል ነው፣ ወይ የሰው ንብ ሊያባብል የተነሣ ሌባ ነው። ፈዬራ ደግሞ ጅል አይደለም። ጎረቤቴ ፈዬራን አትረሺውም። ዐምና ከቀፎዬ የተነሣ መንጋ ወደ እሱ ባዶ ቀፎ ቢገባ፣ «ንብ የገባበት ቤት ነው» ብሎ አስቀረብኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም።

የሰው በሶ እንደ ፊቱ ይለያያል። የፈዬራ ሚስት ውዴ ገብሱን ስትቆላ ታሳርረዋለች፤ ብቀምሰው አውቀዋለሁ ብዬ ከአንዲት ንብ ጀርባ ላይ በምላሴ ጫፍ ወሰድሁ። ምንም ጣዕም የለውም። ሌላ ቀመስሁ፤ እሱም የለውም። ጣዕም የሌለው ገብስ የሚያበቅል ማን እንደሆነ እስከማውቅ ድረስ በየቀኑ እቀምሳለሁ። ከሞቱት ላይ እያራገፍሁም በቀንድ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ፤ ለሽማግሌዎች ማስረጃ ይሆነኛል።

መነጽር ብትልኪልኝ መልካም ነበር፤ ፊደል ሁሉ ጉንዳን እየሆነብኝ ነው።

አጎትሽ አብተው

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ አብተው፤ አዳማ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ወገብዎንም ያጽናልኝ እያልሁ ከእግርዎ ሥር ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም እዚያው ከፈረንሳዊው ሙሴ መድኃኒት ቤት ነኝ፤ ጠርሙስ አጥባለሁ፤ ወደ አገር ቤት በሚላከው ዕቃ ላይም አማርኛውን የምጽፍለት እኔው ነኝ። ያስተማሩኝ ፊደል እንጀራ ሆነኝ ብዬ ሁልጊዜ ለሰው እናገራለሁ። መነጽሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በባቡር ሠራተኛው በደሊል እጅ ልኬያለሁ።

የንቦቹን ነገር ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ለሙሴውም ነገርሁት፤ የሞቱት ይምጡልኝና ልያቸው አለ። ስለዚህ እባክዎ ሁለት የክብሪት ቤት ያዘጋጁ። በአንደኛው ከእርስዎ ቀፎ ሥር በዚያው ቀን የሞቱትን ይሙሉ፤ በሁለተኛው ከአዋሽ ርቆ ካለ ሰው ቀፎ የሞቱትን ይሙሉ። በተለያየ ክር ይሰሩልኝ። ንቦቹ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጡ፣ ዕጮቹም ይሞቱ እንደሆነ ይዩልኝ። ከወንዙ ማዶ ያለው ጥጥስ አብቧል?

ፈዬራን አሁን ባይከሱት ይሻላል። ዱቄቱንም አይቅመሱ፤ ያረጀ በሶ ሆድ ይነፋል። ማሩንም ይተዉት፤ አያስፈልገኝም።

ልጅዎ በላይነሽ

አዳማ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለበላይነሽ።

መነጽሩ ደረሰኝ፤ ተመረቂ። ዓለሙ ሁሉ ተጠጋኝ፤ የራሴን ጢም እንኳ አይቼ አፈርሁ። እኔን አጎትሽን በሶ ሆድ ይነፋል ብለሽ ትመክሪያለሽ? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! ዱቄቱን እስካሁን እየቀመስሁ ነው፤ ሆዴ አንዳንድ ቀን ቢቆርጠኝም ዝናቡ ያመጣው ነው።

ስለ ጥጡ ግን በምን አወቅሽ? እኔ ጽፌልሽ አላውቅም። እውነት ነው፤ አንድ ፈረንጅ ከወንዙ ማዶ መሬት ይዞ በሰኔ ጥጥ ዘርቷል፤ አሁን አብቧል። ንቦቼም ከዚያው በኩል ነው የሚመጡት። ነገር ግን ጥጥ በሶ አያፈራም።

ሁለቱን የክብሪት ቤት በደሊል እጅ ልኬያለሁ። ቀይ ክር ያለው የእኔ ነው። ነጭ ክር ያለው ግማሽ ቀን ተጉዤ ከኮረብታው ቤተ ክርስቲያን ቀፎዎች ሥር የለቀምሁት ነው፤ እዚያ የሞተ ንብ ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ያገኘሁትም በእርጅና የሞተ ነው። እኔ ዘንድ ግን በአንድ ጠዋት ክብሪት ቤቱ ሞልቶ ተረፈ። ዕጮቹን ጠይቀሽኝ ነበር፤ በሕይወት ያሉት ንቦች ነጫጭ ዕጮቻቸውን አንድ በአንድ እየጎተቱ ያወጣሉ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ፈራሁ።

ሌላም ላጫውትሽ። ማር መሪዋ ወፍ መጥታ ግራሬ ላይ ጮኸች፤ ወደ ራሴ ቀፎ መራችኝ። ሰባተኛው ቀፎ ነው። ጆሮዬን ብጥልበት ጥዝዝ ይላል። ከፈትሁት። የማሩ እንጀራ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ንብ ግን አንዲት የለችም። ሁለት ሳምንት ክፍት ቢያድር ጉንዳን እንኳ አልገባበትም። ወፏ ከዚያው እንጀራ ስትበላ ነበር፤ በማግስቱ ከግራሩ ሥር ሞታ አገኘኋት። ባዶው ቀፎ ለምን ጥዝዝ እንደሚል ሲገርመኝ ሰነበተ። ኋላ ቤቴ ተቀምጬ ሳለ ያው ድምፅ መጣ። እጄ ውስጥ ነው። ጣቶቼ ከጫፋቸው ጀምሮ ይነዝሩኛል፤ መንጋ የሰፈረባቸው ይመስላል። ድምፁም አይለየኝም።

የፈዬራ ጉዳይ ተቆርጧል። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሽማግሌዎች ሾላው ሥር ይቀመጣሉ። ያጠራቀምሁትን ቀንድ ይዤ እቀርባለሁ። ሥርዓቱን ታውቂያለሽ፤ በእህል የተካሰሰ እህሉን ይቀምሳል፤ ከሳሽ ይቀድማል፣ ተከሳሽ ይከተላል፣ የዋሸውን እህሉ ይፋረደዋል። ቀንዱ ሞልቷል፤ ለሁለታችንም ይበቃል።

አጎትሽ አብተው

ጅቡቲ፣ ኅዳር 9 ቀን 1922 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ሰላምታውን ኋላ እጽፈዋለሁ። ዱቄቱን አይቅመሱ። ፈዬራም እንዳይቀምስ። በሶ አይደለም፤ መርዝ ነው።

ሙሴው ቀይ ክር ካለው ንቦቹን አውጥቶ አሲድ በሚሉት በሚያቃጥል ውሃ ቀቀላቸው፤ ያንጸባረቀ የመዳብ ቁራጭም አብሮ ከተተ። መዳቡን ሲያወጣው ጥላሸት ለብሶ ነበር። ነጭ ክር ያለውንም እንዲሁ አደረገ፤ መዳቡ እንደገባ ቀይ ሆኖ ወጣ። ሁለቱን ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ «ይህ የጥጥ ትል የሚገድሉበት ዱቄት ነው፤ ሰውም ይገድላል» አለኝ። ንብ የዱቄቱን ብናኝ ከጥጥ አበባ ላይ ይዛ ትመጣለች፤ ለዕጮቿም ታጎርሳለች። ጣዕም የለውም። የእጅ መንዘርና የሆድ ቁርጠትም የሱ ምልክት ነው፤ ያለኝን ቃል በቃል መጻፌ ነው። የሰባተኛውን ቀፎ ማር ከነእንጀራው ይቅበሩት። ወተት ይጠጡ።

ይህን ሙሴው ያሳየኝ ጥቅምት 24 ቀን ነው። አሥራ አምስት ቀን ዝም አልሁ። ጣቢያው ድረስ ሄጄ ቴሌግራም ላስጽፍ ነበር፤ ጸሐፊው የሙሴው ወዳጅ ነው፤ ቆሜ ቆሜ ተመለስሁ። ባቡሩ ነገ ይነሣል፤ ሦስት ቀን ነው፤ ለሚካኤል ይደርሳል እያልሁ ራሴን አታልላለሁ። ደሊልን በልጆቹ ስም ለምኜዋለሁ።

ሌላም የምነግርዎ ነገር ነበር። ቀለሙ አለቀብኝ።

በላይነሽ

አዳማ፣ ኅዳር 19 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለበላይነሽ።

ሰላም ላንቺ ይሁን። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ ብዕሩን በጣቴ ላይ በክር ያሰረልኝ ፈዬራ ነው። አዎን፣ ፈዬራ። ተረጋግተሽ አንብቢ፤ በቅደም ተከተሉ እነግርሻለሁ።

የሚካኤል ዕለት ሾላው ሥር ተሰበሰብን። ቀንዱን አቀረብሁ። ከሳሽ ነኝና ቀደምሁ፤ ሽማግሌው አንድ ቁንጥር አለኝ፣ እኔ ግን እልኸኛ ነኝና አንድ እፍኝ ቃምሁ። ቀጥሎ ቀንዱን ለፈዬራ ሰጡት። እሱም ሳይቀበል ከኋላው ቅርጫት አወጣና መሐላችን ደፋው። የሞቱ ንቦች ናቸው፤ ሁሉም ነጭ። የእሱም ሠላሳ ቀፎ እያለቀ ኖሯል። በሶውን የነሰነስሁት እኔ መስዬው ሊከሰኝ አስቦ እንደነበር ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አብተው፣ እቅማለሁ፤ አልፈራም። ግን የውዴን በሶ ስንት ዓመት በላህ? ይሄ ያንን ይመስላል?» አለኝ። አልመሰለም። እንደማይመስል ከመስከረም ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ቂሜ አላናግረኝ ብሎ ነው። ሽማግሌዎቹ ቀንዱን ክደኑት አሉ። ፈዬራ ሳይቀምስ ቀረ።

ያን ዕለት ሆዴ ተገለበጠ። ያረጀ በሶ ያልሽው ትዝ ብሎኝ፣ ልጅቷ ልክ ነበረች አልሁ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ፈዬራ መጥቶ፣ በኦሮምኛው «አከም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርህ አለኝ፤ በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠኝ ሰላምታ ነው። በበቅሎው ጫነኝና ንቦቹ በሚሄዱበት መስመር ወንዙን ተሻገርን። ጥጡ መሐል ሰዎች አፋቸውን በጨርቅ አስረው፣ በረጅም እንጨት ጫፍ የተንጠለጠለ ከረጢት እያራገፉ ይሄዳሉ። የሚረግፈው ነጭ ነው፤ ጤዛው ላይ ይቀመጣል። ንቦቻችን ከላያችን አልፈው እዚያ ጭጋግ ውስጥ ሲገቡ አየን፤ ልንመልሳቸው አንችልም።

እርሻው ዳር ባዶ በርሜል ወድቋል። አማርኛ ተጽፎበታል። በላክሽልኝ መነጽር አነበብሁት፤ «የጥጥ መድኃኒት» ይላል።

ልጄ፣ ፊደል ያስያዝሁሽ እኔ ነኝ። «መ»ን ስትጽፊ አንዱን ዓይኗን ከሌላው ታሳንሻለሽ፤ በአለንጋ እያስፈራራሁ እንኳ ያላስተውሁሽ ነው። እዚያ በርሜል ላይ ያችን መ አየኋት። ደስ አለኝ ብልሽ ታምኚያለሽ? የልጄ እጅ መድኃኒት ነው ካለ፣ መድኃኒት ነው አልሁ። ሆዴም የተገለበጠው እየጠረገኝ ነው ብዬ ለፈዬራ ነገርሁት። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በማግስቱ፣ ኅዳር 14 ቀን ነው።

ተመልሰን ሄድን። ጽሕፈቱን በቢላ ፋቅሁት። ፈዬራ ማንበብ አይችልም፤ ምን እንደምፍቅ ጠየቀኝ፤ አልደበቅሁትም። እሱም፣ «ልጅ ናት። ራሷ እስክትናገር ጠብቃት» አለኝ።

እየጠበቅሁሽ ነው። ቀለም አለቀብኝ ስላልሽ ጥላሸቱን በሙጫ ራሴ በጥብጬ፣ አድርቄ፣ በቀንድ ልኬልሻለሁ። ቀንዱ ያ ሌላው አይደለም፤ አትፍሪ። እግሬ መሬቱን አይሰማውም፤ ከዚህ በቀር ደህና ነኝ።

አጎትሽ አብተው

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፤ ከአጎትነት ይልቅ አባትነት ይገባዎታልና።

በላኩልኝ ቀለም እጽፋለሁ። እግዚአብሔር እግርዎን ይመልስልኝ። የሚለምነው አፍ የእኔ በመሆኑ አፍራለሁ፤ ቢሆንም እለምናለሁ።

በርሜሎቹ ባለፈው ሚያዝያ ከመርከብ ሲወርዱ የራስ ቅል ሥዕል ነበረባቸው። የእርሻው ወኪል መጥቶ፣ መርዝ ብለሽ ከጻፍሽ ተሸካሚ አይነካውም፣ የጥጥ መድኃኒት በዪው አለኝ። ሙሴውም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ሥዕሉን በጥቁር ቀለም ደፍኜ እላዩ ላይ ጻፍሁ። ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ሥራዬን ፈራሁ። ጥጡ የት እንደሚዘራም አውቅ ነበር፤ ንቦችዎ ግን ትዝ አላሉኝም። በመስከረም ነጭ ሆኑ ብለው ሲጽፉልኝ ያን ጊዜውኑ ገባኝ፤ እኔ ግን ያረጀ በሶ ሆድ ይነፋል አልሁዎት። በዚያች ቃል ነው የምቃጠለው። ያን ዕለት እውነቱን ብጽፍ ኖሮ ቀንዱ አይሞላም ነበር።

ትናንት ለአዳማ የሚጫኑ አርባ በርሜሎች መጋዘን ገብተው ነበር። ማንም ሳይመጣ በያንዳንዱ ክዳንና በሁለቱ ጎን ላይ እውነተኛ ስሙን ጻፍሁ፤ በእርስዎ ቀለም። ሙሴው ያወቀው ባቡሩ ከተነሣ በኋላ ነው። ዛሬ አሰናበተኝ። የባቡር ሠራተኞቹ ሚስቶች ልብስ አጠባ ይሰጡኛል፤ ስለ እኔ አያስቡ። ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ ብቻ ይጻፉልኝ።

በላይነሽ

አዳማ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለበላይነሽ።

ይህን የሚጽፍልኝ የኮረብታው ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነው፤ እጄ ብዕር መያዙን ትቷል። ዲያቆኑ ጽሕፈቱ ያማረ ነው፤ ሁሉ ፊደል እኩል ነው፤ ስለዚህ አይጥመኝም።

እግሬ አልተመለሰም። ሰባት ቀፎ ቀርቶኛል፤ ለፈዬራ ዘጠኝ። ያለንን ሁሉ በበቅሎው ጭኖ ወደ ኮረብታው አወጣው፤ የትኛው ቀፎ የማን እንደሆነ ከእንግዲህ እንዳንጠያየቅ ተስማምተናል። ውዴ ጠዋት ጠዋት ወተት ይዛልኝ ትመጣለች። በእጄ ያለው ድምፅ አሁንም አለ። አንዳንዴ የሞቱት ሁሉ እዚያ የገቡ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አዳምጣቸዋለሁ።

በርሜሎቹ ጣቢያ ደርሰው ነበር። የጣቢያው ጸሐፊ ጮክ ብሎ ሲያነበው ተሸካሚዎቹ እጃቸውን ከበርሜሎቹ አነሡ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ፀሐይ ላይ እንደ ቆሙ ናቸው። ወኪሉ ይሳደባል፤ የሚሸከምለት ግን አላገኘም። ወሬውን ሰምቼ ብቻ አልረካሁም፤ ደብዳቤሽም ያን ጊዜ ገና አልደረሰኝም ነበር። ስለዚህ ፈዬራን የተጻፈውን አምጣልኝ ብዬ ላክሁት። እሱ ፊደል አያውቅም፤ እንደ ሥዕል አድርጎ በቅል ስባሪ ላይ በከሰል ገልብጦ አመጣልኝ። ፊቴ አስቀምጦ ምን እንደምል ይጠብቃል።

መነጽሬን አደረግሁና አየሁ። ሦስት ፊደል ነው። ፈዬራ አንዷንም ሳያዛንፍ እንዳየው አድርጎ ነው የገለበጠው፤ የ«መ»ዋ አንድ ዓይን ከሌላዋ ታንሳለች። እኔም፣ «የልጄ እጅ ነው፤ ተናገረች» አልሁት።

በልጅነትሽ ያችን መ እንድታስተካክዪ ስንት ቀን ተቆጥቼሽ ነበር። እንኳን ያላስተካከልሽው።

አባትሽ አብተው